አብርቶ ማየት፣ አጥፍቶ መራመድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2014 ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ፒንክ ሃውስስ በሚባለው የሕዝብ መኖሪያ መንደር ሁለት ጀማሪ ፖሊሶች ከአንድ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የያዙት ሥራ የከተማዋ ፖሊስ ለብዙ ዘመን የኖረበት ቅኝት ነው፤ ከላይ ተነስቶ በደረጃው እየወረዱ ፎቅ በፎቅ መፈተሽ። የደረጃው አምፖሎች አይበሩም ነበር። አንደኛው ፖሊስ በቀኝ እጁ የእጅ ባትሪ፣ በግራው ሽጉጥ እንደያዘ በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተ። ሽጉጡ ባረቀ።

ጥይቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የነበረን የ28 ዓመት ወጣት ደረቱ ላይ መታው። ወጣቱ ሊፍቱ ስለዘገየበት ከፍቅረኛው ጋር በደረጃው ለመውረድ ገና መግባቱ ነበር። መሣሪያ አልያዘም፤ የሚፈልገውም የሚያሳድደውም አልነበረም። ሕይወቱ አለፈ። በ2016 ጁሪው ፖሊሱን ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው፤ ዳኛው ግን ወንጀሉን በከባድ ቸልተኝነት ወደተፈጸመ ግድያ ዝቅ አድርገው የ5 ዓመት አመክሮና የ800 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፈረዱበት።

ፖሊሱ ባትሪ አላጣም ነበር። ባትሪው በእጁ ነው። ጨለማ ሕንፃን የመፈተሽ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ብርሃን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ብርሃኑን ተጠቅሞ ከፊት ያለው ማን እንደሆነ ጣት ወደ ቃታ ከመሄዱ በፊት ማወቅ ደግሞ ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ፖሊሶች፣ ወታደሮችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲደክሙ ኖረዋል።

ከብልጭታ ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ መዳፍ

የዛሬው የእጅ ባትሪ አባት የሚባለው ቱቦ ቅርጽ ያለው መብራት የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው ጃንዋሪ 10 ቀን 1899 ነው። ፈልሳፊው ዴቪድ ሚሴል የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ መብቱን የወሰደው ከሩሲያ ግዛት ተሰድዶ ኒውዮርክ የገባው የኮንራድ ሁበርት ኩባንያ ነበር፤ ኋላ ኤቨሬዲ ተብሎ የታወቀው ኩባንያ ማለት ነው። ሁበርት ዕቃውን ለማስተዋወቅ የመረጠው መንገድ ብልህነቱን ያሳያል። ባትሪዎቹን ለኒውዮርክ ፖሊሶች በነጻ ሰጣቸው፤ እነሱም በምሽት ቅኝት ሞክረው ምስክርነታቸውን ሰጡለት። ሌሊት ሌሊት በጨለማ መተላለፊያና ምድር ቤት ለሚገባ ሰው፣ ነፋስ የማያጠፋውና እሳት የማያስነሳ መብራት ትልቅ ነገር ነበር።

ግን የባትሪው ድንጋይ ደካማ ነበር። የካርቦን ክሩም ኃይል ይበላል። ስለዚህ ያ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ቦግ ይደረግና ድንጋዩ እንዲያገግም ይጠፋል እንጂ ሲበራ አያመሽም። የዚያ ዘመን ፖሊስ ቦግ እልም እያደረገ የሚሄደው ቸግሮት ነው። የዛሬ አሰልጣኞች ድንጋዩ ሰዓታት በሚቆይበት ዘመን ይህንኑ ልማድ ሆን ብለው ያስተምራሉ፤ ምክንያታቸው ወደፊት ይመጣል።

በ1970ዎቹ የአሜሪካ ፖሊስ እጅ ውስጥ የገባው ባትሪ የአሉሚኒየም ነበር። በ1979 ደግሞ ኒውዮርክ ተወልዶ ክሮኤሽያ ያደገው ቶኒ ማግሊካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማግላይትን አወጣ። ስድስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርሰው ማግላይት ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና ከኪሎ በላይ ክብደት አለው። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ለማብራት ብቻ አይጠቀምበትም። በ1992 ዲትሮይት ውስጥ ሁለት ፖሊሶች አንድን ሰው በባትሪ ደብድበው ገደሉ፤ ተከሰውም ተፈረደባቸው። በ2004 ሎስ አንጀለስ ላይ ሮጦ እጁን የሰጠ ተጠርጣሪ በባትሪ ሲደበደብ የቴሌቪዥን ሄሊኮፕተር ቀረጸው። የከተማዋ ፖሊስ ከዚያ በኋላ ለዱላነት የማይመች፣ አጭርና ቀላል ኤልኢዲ ባትሪ አሠርቶ በ2007 ማደል ጀመረ።

መጠኑ እንዲያንስ ያስቻሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሊቲየም ድንጋይ ነው። በ1980ዎቹ ሹርፋየር የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በመዳፍ የሚያዝ፣ በሁለት ትንንሽ የሊቲየም ድንጋዮች 65 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ባትሪ አወጣ። ማብሪያው ከኋላ ጫፉ ላይ ነው፤ አውራ ጣት ሲጫነው ይበራል፣ ሲለቀው ይጠፋል። ሁለተኛው ነገር ሹጂ ናካሙራ በ1993 ጃፓን ውስጥ በኒቺያ ኩባንያ ያወጣው ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው፤ ነጩ ኤልኢዲ የተወለደው ከእሱ ነው። ናካሙራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። ዛሬ ከ1,000 ሉመን በላይ የሚያመነጭ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ዓይን ቶሎ ትታወራለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች

ባትሪው ይህን ያህል ሲለወጥ ከኋላው ያለችው ዓይን ያው ናት። በሬቲና ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። ስድስት ሚሊዮን ያህል የሚሆኑት ሾጣጣ ሴሎች ቀለምንና ዝርዝርን በደማቅ ብርሃን ያያሉ። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሚሊዮን የሚጠጋው በትር መሰል ሴሎች ደግሞ ጭላንጭል ይበቃቸዋል፤ ቀለም ግን አይለዩም። የእነዚህ ሴሎች ጉልበት ሮዶፕሲን የሚባል ቅመም ሲሆን፣ ሰውነት የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚኑ ሲጎድል ዳፍንት የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃን ሮዶፕሲንን በቅጽበት ያፈርሰዋል። መልሶ ለመሥራት ግን ዓይን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋታል። እንግዲህ መብራት ካለበት መንገድ ወደ ጨለማ መጋዘን የገባ ፖሊስ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዕውር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተደበቀው ሰው ግን የበሩን ክፈፍ፣ የገባውን ሰው ቁመትና እጁን ጭምር ለይቶ ያያል። ፖሊሱ በሩ መሐል ከቆመ ደግሞ የመንገዱ ብርሃን ከኋላው ሆኖ ጥቁር ምስል ያደርገዋል።

ሌላም ነገር አለ። የሬቲና መሐል፣ ትኩር ብለን ስናይ የምንጠቀምበት ነጥብ፣ በትር መሰል ሴል የለውም። በድቅድቅ ጨለማ አንድን ነገር ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያይ ሰው ነገሩ ይጠፋበታል፤ ከጎኑ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ቢያይ ግን ይገለጥለታል። ወታደሮች በሌሊት ልምምድ ይህን ይማራሉ። ቀይ ብርሃን የሚወዱትም በትር መሰሎቹን እምብዛም ስለማይነካ ነው፤ ካርታ ያነቡበታል፣ ዕቃ ይፈልጉበታል። ሰው ለመለየት ግን አይሆንም። በቀይ ብርሃን ሥር ቀለም ይደበላለቃል፤ ደም እንኳ በጥቁር ልብስ ላይ አይታይም።

ብዙ ሉመን ሁልጊዜ ብዙ ማየት አይደለም

ባትሪ ገዥ መጀመሪያ የሚያየው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሉመን ነው። ሉመን ከባትሪው የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል። ካንዴላ ደግሞ ጨረሩ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይነግራል። በአሜሪካ በ2009 የወጣው የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ የጨረርን ርቀት የሚቆርጠው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምትጥለውን ያህል ነው። በዚህ ስሌት 10,000 ካንዴላ ያለው ባትሪ 200 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ፣ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ካንዴላ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ለሜዳ ነው። ቤት ውስጥ ግን ግድግዳው ሦስት ሜትር ላይ ነው፤ ነጭ ቀለም ከተቀባ ደግሞ የወረወሩበትን ብርሃን መልሶ ይወረውራል። ደማቅ ባትሪ የያዘ ሰው በጠባብ ኮሪደር የመጀመሪያ ሰለባው የራሱ ዓይን ነው። መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ የማቀዝቀዣ በር ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሌላ በኩል ይኸው ባሕርይ ይጠቅማል። መብራት ሲጠፋ የስልኩን ባትሪ ወደ ጣሪያ አዙሮ ሳሎኑን በሙሉ ያበራ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። ፖሊሶችም በነጭ ኮርኒስ ላይ ጨረሩን አሳርፈው ጠቅላላ ክፍሉን በለስላሳ ብርሃን ይሞሉታል፤ ከሶፋ ጀርባና ከጠረጴዛ ሥር ያለው ጥላም ይሳሳል።

የሚፈትሽ ሰው ይፈተሻል

በጨለማ ሕንፃ ውስጥ ባትሪ ያበራ ሰው ለሚፈልገው ሰው ራሱን ያሳያል። የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ጨረሩ ይናገርበታል። የቀድሞው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ኃይል አባል ኬን ጉድ በሹርፋየር የሥልጠና ተቋም ውስጥ ለዓመታት ያስተማረው ሥርዓት የተሠራው በዚህ እውነት ላይ ነው። ፈታሹ ራሱን በተደበቀው ሰው ዓይን እንዲያይ ያዘዋል፦ እኔ እዚያ ጥግ ብሆን፣ ይህን ሰው ከየት አየዋለሁ?

ቦግ እልም የማለቱ ልማድ ትርጉም የሚያገኘው አሁን ነው። ፈታሹ ለአፍታ ያበራል፤ በዚያች አፍታ የክፍሉን ቅርጽ፣ የዕቃውን አቀማመጥ፣ የሰው ምልክት በአእምሮው ይይዛል። ያጠፋል። ወዲያው ከቆመበት ይንቀሳቀሳል፤ ብርሃኑ ወደታየበት ቦታ የሚተኮስ ጥይት ባዶ ቦታ እንዲያገኝ። ቀጥሎ ሲያበራ ከሌላ ቦታና ከሌላ ከፍታ ነው፤ አንዴ ከጉልበት፣ አንዴ ከትከሻ በላይ። በአንድ ልክ ማብራትና ማጥፋት ግን አይመከርም። ለተደበቀው ሰው ልክ ማስያዝ ይሆናል።

በሩ ከሁሉ ይከፋል። ሁሉም ሰው ማለፍ ያለበት ጠባብ ቦታ ስለሆነ የተደበቀው ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው። ስለዚህ ፈታሹ ከበሩ ክፈፍ ራቅ ብሎ በግማሽ ክብ እየዞረ የክፍሉን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይገልጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አዲስ የሚገለጠውን ቁራጭ ብቻ ያበራል፣ ያያል፣ ይቀጥላል። ክፍሉ ከውጭ ከታየ በኋላ የሚቀሩት ሁለቱ የቅርብ ማዕዘኖች ናቸው፤ አደጋውም እዚያ ይጠራቀማል።

ሰው ሲገኝ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ባትሪው አይጠፋም። ጨረሩ ፊቱ ላይ ያርፍና ይቆያል፤ ሰውዬው ከብርሃኑ ጀርባ ያለውን ማየት ያቅተዋል፣ ፈታሹ ደግሞ እጆቹን ያያል። ስልክ ነው? ቁልፍ ነው? ቢላዋ? መሸት ሲል መብራት ያለበትን ሳሎን በመስኮት ከውጭ እንደሚያይ ሰው፣ ጥቅሙ በጨለማው በኩል ላለው ነው። ሁለት ፖሊሶች አብረው ሲገቡ የጥንቃቄው ዓይነት ይጨምራል። የኋለኛው ባትሪውን ካበራ የፊተኛውን ጀርባ አብርቶ ጥላውን ወደፊት ይዘረጋል፤ በራሱ ባልደረባ ላይ ብርሃን የጣለ ፖሊስ ለጠላት ዒላማ አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሁለት እጅ፣ ሦስት ሥራ

በር መክፈት፣ ማብራት፣ መሣሪያ መያዝ። እጅ ግን ሁለት ነው። ብዙ ውዝግብ ያስነሳው ይህ ሒሳብ ነው።

የቀድሞው ዘዴ በአሜሪካው ኤፍቢአይ ስም ይጠራል። ባትሪ የያዘው እጅ ከሰውነት ርቆ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይዘረጋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጠላት ብርሃኑን ዒላማ ካደረገ ጥይቱ ከሰውየው ይርቃል። ችግሩ ክንድ ይደክማል፣ ጨረሩም ይንቀጠቀጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ሃሪስ የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ አያያዝ አመጣ፤ ባትሪ የያዘው እጅ ከሽጉጡ እጅ ሥር ተላልፎ የሁለቱ እጆች ጀርባ ይገፋፋሉ። ሽጉጡና ጨረሩ ወደ አንድ ቦታ ያያሉ፣ ግፊቱም ያረጋጋቸዋል። ሌላው አያያዝ ባትሪውን ከመንጋጋ ጎን ያስጠጋል፤ ዓይን በዞረበት ጨረሩ ይዞራል። የእሱ ጉድለት ብርሃኑ ጭንቅላት አጠገብ መሆኑ ነው። ልምድ ያላቸው ፈታሾች አንዱን ብቻ አይዙም፤ እንደ ቦታው ያፈራርቃሉ።

ባትሪውን ከመሣሪያው ጋር ማሰር አንድ እጅ ያስቀራል። ሜይ 5 ቀን 1980 የብሪታንያ ልዩ ኃይል ኤስኤኤስ ለንደን የሚገኘውን፣ ታጣቂዎች ሰው ያገቱበትን የኢራን ኤምባሲ ሰብሮ ሲገባ፣ ኤምፒ5 መሣሪያቸው ላይ ባትሪ ያሰሩ ወታደሮች ነበሩ። ሕንፃው በጭስ ተሞልቶ ነበር፤ ታጋቾችንና ታጣቂዎችን ደግሞ በቅጽበት መለየት ነበረባቸው። ዛሬ ለሽጉጥ የሚሆነው ትንሽ ባትሪ በብዙ ፖሊሶች ወገብ ላይ ይታያል። ነገር ግን በዚህ ባትሪ የሚያይ ሰው ያየውን ሁሉ በአፈሙዝ ይጠቁማል፤ የቤቱን ባለቤት፣ ከእንቅልፉ የነቃ ልጅን፣ የራሱን ባልደረባ ጭምር። ስለዚህ በሥልጠና የሚሰጠው ትእዛዝ ጥብቅ ነው፦ ለመፈለግ የእጁ ባትሪ፣ የመሣሪያው ባትሪ ግን መሣሪያ መደገን ለሚገባበት ጊዜ ብቻ።

ማብሪያው ያለበት ቦታም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንዳንድ ሞዴሎች ማብሪያውን ከቃታው ጠባቂ በታች፣ ከሽጉጡ እጀታ ፊት አደረጉት። በጭንቀት ውስጥ ለማብራት ሲጫኑ ቃታ የሳቡ ፖሊሶች ተመዘገቡ፤ የዴንቨር ከተማ ፖሊስም በ2014 ያን ዓይነት ማብሪያ አገደ። የሰው ጡንቻ አሠራር ነገሩን ያብራራዋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ሮጀር ኢኖካ በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ጣት ሳይታሰብ ቃታ እንዲስብ የሚያደርጉ ሦስት ምክንያቶችን ጠቅሷል፦ ድንጋጤ፣ ሚዛን መሳት፣ እና የአንዱ እጅ መጨበጥ የሌላውን እጅ ማስጨበጡ። በአንድ እጁ የባትሪ ማብሪያ የሚጫን፣ በሌላው ሽጉጥ የያዘ ሰው በጨለማ ደረጃ ላይ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ጣት ከቃታ ውጭ በሽጉጡ አካል ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጨረሩ ሲከዳ

ጠላት በሌለበት ፍተሻም ብርሃን የሚከዳበት ቦታ አለ። ጭስ ውስጥ የጥላሸት ብናኝ ጨረሩን በትኖ ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል፤ ሺህ ሉመን ያለው ባትሪ ግራጫ ግድግዳ ብቻ ያሳያል።

ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ አንድ የቀድሞ የቀዝቃዛ ዕቃ መጋዘን ተቃጠለ። በ1906 የተሠራ፣ ስድስት ፎቅ ያለው፣ መስኮት የለሽ ለማለት የሚያስደፍር የጡብ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ቅዝቃዜ እንዲይዝ በቡሽ፣ በሬንጅና በፕላስቲክ አረፋ የተለበጠ ስለነበር ጭሱ ከባድና ጥቁር ሆነ። እሳቱ የተነሳው ውስጡ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ቤት አልባ ሰዎች ሻማ ስለገለበጡ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እነዚህ ሰዎች ውስጥ ይሆናሉ ብለው ገቡ። ሁለት ሠራተኞች በላይኛው ፎቅ መንገድ ጠፋባቸው፤ የሲሊንደራቸው አየር እያለቀ በሬዲዮ ድረሱልን አሉ። እነሱን ሊፈልጉ ከገቡት አራቱ አልተመለሱም። ኃላፊው ማይክ ማክናሚ ተጨማሪ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ። ስድስት ሰው ሞተ። የሚፈለጉት ሁለቱ ሰዎች እሳቱ ሳይበረታ ወጥተው ሄደው ነበር።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ኒዮሽ ከምርመራው በኋላ ካቀረባቸው ምክሮች አብዛኞቹ ስለ መብራት አይናገሩም። ከበሩ የሚነሳ የመሪ ገመድ፣ በጭስ ውስጥ ሙቀት የሚያይ ካሜራ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ያለበትን ቦታ የሚከታተል አዲስ ቴክኖሎጂ ይመክራሉ። እንደዚህ ያሉ አደገኛ ባዶ ሕንፃዎች መግቢያቸው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍባቸውም ይጠይቃሉ፤ አዛዡ ሰዎቹን ወደ ውስጥ ከመስደዱ በፊት ምን ዓይነት ቤት ፊት እንደቆመ እንዲያውቅ።